ከበረንዳ ወደ እድር፦ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ወገኖችን መልሶ ለማቋቋም ለሰፈር ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በዓል ሲደርስ የብዙዎቻችን እጅ ይፈታል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ በየሰፈሩ ድስት ይጣዳል፣ ልብስ ይሰበሰባል፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ወገኖች ተጠርተው ይበላሉ። በማግስቱ እኛ ወደ ሥራችን፣ እነሱም ወደየበረንዳቸው ይመለሳሉ። ያ ማዕድ የቀኑን ረሃብ አስታግሷልና የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው እንዴት እዚያ እንደደረሰና ምን ቢደረግለት እንደሚነሳ የጠየቀው አልነበረም።

ገንዘብ ያጣ ሰው ሁሉ ጎዳና አይወጣም። ወንድም ያለው ወንድሙ ዘንድ ይጠጋል፣ ጎረቤት ያለው እስኪያልፍለት ይበደራል፣ እድር ያለው ሐዘኑን ብቻውን አይወጣም። በረንዳ ላይ የሚያድረው፣ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ የሚጠጋበት ሰው አብሮ ያለቀበት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠገነው ይህ ከሰው ጋር ያለው ትስስር ነው፤ ቤቱም፣ ሕክምናውም፣ ሥራውም የሚጸናው እሱ ሲኖር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለአንድ ሰፈር ሰዎች፣ ለአንድ ማኅበር ወይም ለአንድ የሥራ ባልደረቦች ቡድን የሚሆኑ ናቸው።

1. ጥቂት ሆናችሁ ተሰባሰቡ

ለመጀመር አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። ሃያ ሆኖ መውጣት የሚጎበኘውን ሰው ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ሳምንትም ግማሹ ይቀራል። ከእድራችሁ፣ ከሰንበቴያችሁ ወይም ከመስጊድ ጀመዓችሁ ሰው ምረጡ። ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ። ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብታገኙ መልካም ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ ግን ራሱ ጎዳና ላይ ኖሮ የወጣ ሰው ነው፤ እናንተ በወር የማታውቁትን እሱ በአንድ ምሽት ያውቀዋል።

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ መዝጋቢ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ ለመመላለስ ትዕግሥት ያለው ይሁን። ገንዘብ ሲወጣ ሁለት ሰው ይፈርም፤ የወሩ ገቢና ወጪም ለአባላት ይነበብ። ከዚያ ለወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ አስታውቁ። ነገ መታወቂያ ወይም የሕክምና ደብዳቤ ስትፈልጉ የምትሄዱት እነዚሁ ሰዎች ዘንድ ነው።

ትንሽ ሆኖ መጀመር አያሳፍርም። ክብርት አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ከዚያ ተነስተው ብዙ ሺዎችን ያሳደገ ድርጅት አቆሙ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም እንዲሁ ከጥቂት ሰዎች ተነስቶ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ያኖራል። የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት የዚህ ማዕከል መፈክር «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል።

2. ሰፈሩን አጥኑ

ምንም ሳትይዙ፣ ምንም ሳትሰጡ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ምሽት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በሰፈራችሁ ተዘዋወሩ። ቀን የሚለምነው ሁሉ ማታ ጎዳና ላይ አያድርም፤ ማታ በረንዳ ላይ የምታገኙት ደግሞ ቀን ተሸክሞ ወይም መኪና አጥቦ የሚውል ሊሆን ይችላል። የጥበቃ ሠራተኞችን፣ ሊስትሮዎችን፣ ማታ ማታ ሻይና ቡና የሚሸጡ እናቶችን ጠይቁ፤ ማን የት እንደሚያድር በስም ይነግሯችኋል። የኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገዶችን ከለወጠ ወዲህ ሰዎች ማደሪያቸውን ስለቀያየሩ፣ አምና ያያችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ።

በዚህ ጥናት «የጎዳና ተዳዳሪ» በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ታያላችሁ። ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ አውቶቡስ ተራ የቀረ ወጣት አለ፤ የሚያስፈልገው ምናልባት የሁለት ወር ማደሪያና መታወቂያ ብቻ ነው። ከሠራተኝነት ቤት ተባርራ፣ አርግዛ ወደ አገሯ መመለስ ያፈረች ልጅ አለች። ከአረብ አገር ታማ ተመልሳ ቤተሰብ ሊቀበላት ያልቻለ እህት አለች። ልጆቹ ያለቁበት ወይም የራቁት አዛውንት አለ። በአእምሮ ሕመም ከቤቱ የወጣ አለ፤ በአረቄ ትዳሩንና ሥራውን ያጣ አለ። ብርዱንና ረሃቡን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስብ የአሥር ዓመት ልጅ አለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት እርዳታ ማደል ለማንም አለመድረስ ነው።

3. አቀራረባችሁ ክብር ይኑረው

የተኛ ሰው አትቀስቅሱ። ከላዩ ቆማችሁ አታናግሩት፤ ቁጢጥ በሉ ወይም ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ማዳበሪያውና ካርቶኑ የሰውየው ቤት ነው፤ ሳያስፈቅዱ አይረገጥም። አዛውንቱን «አንቱ» በሉ፣ «አባባ»፣ «እማማ» ብላችሁ ጥሩ። ወጣቱን «አንተ ልጅ» ብላችሁ አትጥሩት፤ ስሙን ጠይቁት።

የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንደምን አመሹ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እዚሁ ከላይኛው ሰፈር ነን። ሻይ ይዘናል፣ አብረን እንጠጣ?»

«ከየት ነው የመጣችሁት? ከቀበሌ ናችሁ?»

«አይደለንም፤ ጎረቤት ነን። ማንንም ልናነሳ አልመጣንም። ሐሙስ ሐሙስ በዚህ ሰዓት እንመጣለን፤ ደኅንነትዎን እንጠይቃለን።»

ይህ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። «ለምን ጎዳና ወጡ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ታሪኩን በጊዜው ራሱ ይነግራችኋል፤ የመጀመሪያው ቀን የሚነገራችሁ ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለምጽዋት የሚነገረው ነው። ፎቶ አታንሱ፤ ቪዲዮማ ጭራሽ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ የወጣ የሰው ገበና ነገ ሥራ ሲፈልግ ይከተለዋል፤ ገጠር ያለች እናቱም ታየዋለች።

እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ፤ በቀጣዩ ሐሙስ ግን ሰላም ሳትሉት አትለፉ።

4. ቀጠሮ አክብሩ

ጎዳና ላይ ያለ ሰው ቃል የገባለት ብዙ ነው። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ የቀረ፣ «ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎ የጠፋ ብዙ ያውቃል። የእናንተ የመጀመሪያ ስጦታ እንግዲህ ባላችሁት ቀን፣ ባላችሁት ሰዓት መገኘት ነው። በሐምሌ ዝናብም፣ በኅዳር ውርጭም አትቅሩ፤ እንዲያውም በእነዚህ ወራት መገኘታችሁ ነው የሚታወሰው። ሁሉም መውጣት ካልቻለ ሁለት ሰው ይሂድ።

ምግብ ስትይዙ ለራሳችሁ ቤት የምታቀርቡትን ያዙ። የሆቴል ትርፍራፊ፣ እነሱ «ቡሌ» የሚሉትን፣ በየቀኑ ያገኙታል። የዕለት ምግብ በከተማ አስተዳደሩ ከተከፈቱት የምገባ ማዕከላት ማግኘት የሚችል ሰው ካለ መንገዱን አሳዩት፤ የእናንተ ጉልበት ለሌላው ሥራ ይተርፋል።

ገላ መታጠብና ፀጉር መቆረጥ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ዘበኛው አይመልሰውም፤ ሥራ ሲጠይቅም ይደመጣል። ታዲያ ልብስ ስትቀይሩለት አሮጌውን ቸኩላችሁ አትጣሉ። ብዙዎች ኪሳቸው ውስጥ ወይም በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ፌስታል ውስጥ ያላቸውን ሁሉ ይይዛሉ፦ ጫፉ የተበላ የቀበሌ መታወቂያ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የዘመድ ስልክ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት። ያ ፌስታል ከጠፋ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ የነበረው መንገድም አብሮ ይጠፋል።

ለእያንዳንዱ ሰው በደብተር አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ስም፣ ያያችሁትን፣ የተባባላችሁትን፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፉ። ደብተሩን መዝጋቢው ብቻ ይያዝ።

5. ሕመሙን አስቀድሙ

የታመመ ሰው ሥራም ቤትም ቢያገኝ አያጸናውም። የሚከተሉትን ምልክቶች ለዩ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ፣ ማታ የሚያልበውና የከሳ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው የነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል። ችግሩ መድኃኒቱን ማግኘቱ ላይ አይደለም፤ ጎዳና ላይ እያደሩ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መዋጡ ላይ ነው። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው ተመድቦ ይከታተለው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በነጻ ነው፤ ተመሳሳይ ክትትል ይፈልጋል።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እሳትና መኪና መንገድ አጠገብ እንዳያድር ምከሩት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ይተላለፋል» እየተባለ ሲወድቅ የማይነካው ሰው ብዙ ነውና ጓደኞቹንም አስረዱ። ቁስል፣ እከክና የጥርስ ሕመም ቶሎ የሚታከሙ ናቸው፤ የታከመ ሰው ያምናችኋል።

ለብዙ ዓመት አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን እንዲያቆም አታስገድዱት። በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ አልፎም ለሞት የሚያደርስ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም እየታየ ነው የሚቆመው።

ብቻውን የሚያወራ፣ ልብሱን የጣለ፣ ሰው የሚፈራ ሰው ስታገኙ አትሽሹ፤ አትክበቡትም። አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ፣ በዝግታ፣ ሁልጊዜ ያው ሰው እየቀረበው ተለማመዱት። ሲለምዳችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሌሎች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም አሉ። ቤተሰቡ ወይም ራሱ ፀበል ከፈለገ ከመድኃኒቱ ጋር አታጣሉት፤ «ፀበሉንም ተጠመቅ፣ ክኒኑንም ውሰድ» ማለት ብዙዎችን ከሕክምና እንዳይርቁ አድርጓል።

የሕክምና ወጪ ሲከብዳችሁ ወረዳችሁን ስለ ነጻ ሕክምና ደብዳቤና ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ጠይቁ። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ።

6. መታወቂያውን አውጡለት

ያለ መታወቂያ ቤት አይከራይም፣ የባንክ ደብተር አይከፈትም፣ ዋስ አይገኝም። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከነበሩበት ቦታ መሸኛ ይጠየቃል። ከቤቱ ከወጣ አሥር ዓመት የሆነው ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። ቢሮ የሚመላለስላችሁ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ ሞክሩ። የመጀመሪያው፣ የትውልድ ቀበሌውን ጠይቃችሁ እዚያ ባለ ዘመድ ወይም ባለሥልጣን በኩል መሸኛ ማስላክ ነው። ሁለተኛው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ በር ከፍቷል፤ ፋይዳ ያላችሁ የቡድኑ አባላት ምን ሊያሟሉ እንደሚገባ ከመዝጋቢ ጣቢያው ጠይቃችሁ መስክሩለት። ካርዱ ሲወጣ ኮፒውን እናንተ ያዙ። ዋናው በዝናብ ወይም በሌባ ሊጠፋ ይችላል።

7. ቤተሰቡን ፈልጉ፣ ግን አትቸኩሉ

ብዙ በጎ አድራጊ የአውቶቡስ ትኬት ገዝቶ «አገርህ ግባ» ይላል። ልጁ በሳምንቱ ተመልሶ ያው በረንዳ ላይ ይገኛል፤ የእንጀራ አባት ዱላ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወይም የመሬት ጠብ ያባረረው ሰው የተባረረበት ነገር አልተፈታማ። በመጀመሪያ ሰውየው ራሱ ይፍቀድ። ከዚያ በስልክ ድምፅ ይለዋወጡ፤ የመጀመሪያው ጥሪ ብዙ ጊዜ ልቅሶ ብቻ ነው፣ ጊዜ ስጡት። ቀጥሎ በአካባቢው ሽማግሌ፣ ቄስ ወይም ሼኽ ይግባበት። ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረዋልና ለእናቱ ነጠላ፣ ለቤቱ ስኳርና ቡና ይዞ ይሂድ። ከተመለሰም በኋላ ለጥቂት ወራት ደውሉ።

ልጆችን በተመለከተ ሕጉን አክብሩ። ጎዳና ላይ ያገኛችሁትን ሕፃን በፍቅርም ቢሆን ቤታችሁ አትውሰዱ። በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና በፖሊስ የሕፃናት ክፍል በኩል ሂዱ። የቡድኑ አባል ከልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ቦታ አይገናኝ። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል።

8. በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ክፍል

«መጀመሪያ ከሱስ ይላቀቅ፣ መጀመሪያ ሥራ ይያዝ፣ ከዚያ ቤት» የሚለው አስተሳሰብ በሌላው ዓለምም ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ትሴምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ዮርክ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ በመጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሕክምናውና ሌላው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህንኑ ብሔራዊ መንገዷ አድርጋ የቤት አልባዎችን ቁጥር በእጅጉ ቀንሳለች። እኛ የፊንላንድ ሀብት የለንም፤ ቁም ነገሩ ግን ይሠራልናል፦ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃውንና ሰውነቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ቀን ላይ ስለ ነገ ማሰብ አይችልም።

በአቅማችሁ፣ የሚግባቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን አንድ ክፍል ተከራይታችሁ አስገቡ። ለአከራይዋ እውነቱን ንገሩ፤ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለትን ሰው ስልክ ስጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኪራይ ሙሉውን ሸፍኑ፣ ሦስተኛውን ግማሹን፣ ከዚያ ሲሠራ ራሱ ይክፈል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ድስትና ቁልፍ አይጉደል።

ራሳቸውን መንከባከብ ለማይችሉ ግን የኪራይ ክፍል አይሆንም። አልጋ ላይ ለዋለ አዛውንት ወይም ጽኑ ሕመም ላለበት ሰው እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላትንና ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ትሬዛ እህቶች ቤት ጠይቁ። ቦታ ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ሂዱና ተነጋገሩ፤ ካስገባችሁ በኋላም መጠየቃችሁን አታቁሙ።

9. ሥራና ቁጠባ

«ምን ታውቃለህ?» ብላችሁ ጀምሩ። ጎዳና ላይ የምታገኙት ሰው አናጺ፣ ሸማኔ፣ ሾፌር፣ ወጥ ቤት ወይም ወታደር የነበረ ሊሆን ይችላል። ምንም ሙያ ለሌለው የመኪና እጥበት፣ የጀበና ቡና፣ የሊስትሮ ዕቃ፣ የጉልበት ሥራ በትንሽ መነሻ ይጀመራል። ዕቃውን እንጂ ጥሬ ገንዘቡን አትስጡ። አብራችሁ ገበያ ወጥታችሁ ግዙ፤ ዋጋውን እሱ ይከራከር።

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ካቀፋቸው ወገኖች መካከል ጎዳና ላይ የሚኖሩ ይገኙበታል። አሁን ምዝገባ መኖሩን ከወረዳው ጠይቁ።

መታወቂያው እንደወጣ ሂሳብ ይከፈትለት። በኪስ ያለ ገንዘብ በሌሊት ይወሰዳል፤ ጓደኛ ሲጠይቅም እምቢ አይባልም። በየሳምንቱ ትንሽ የሚጣልባት እቁብ ደግሞ ከባንክም የበለጠ ጥቅም አላት፦ ሰውየው ዕጣው ቢወጣለትም ባይወጣለትም በየሳምንቱ የሚጠብቁት ሰዎች አሉት።

10. ሲወድቅ አትደንግጡ

ሦስት ወር ሠርቶ አንድ ቀን ደሞዙን ጠጥቶት በረንዳው ላይ ታገኙት ይሆናል። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። «ካሳፈርከኝማ በቃ» ያላችሁት ዕለት፣ እሱ ሁልጊዜ የሚጠብቀውን ነው ያረጋገጣችሁለት። በሐሙሱ ቀጠሮ እንደ ወትሮው ሂዱ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ምን እንደገጠመው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ይገኛል፦ የሐዘን መርዶ፣ የአሠሪ በደል፣ ብቸኝነት። ክፍሉን ቢቻል አትልቀቁበት።

እናንተም ትደክማላችሁ። በወር አንዴ ለብቻችሁ ተቀመጡና የከበዳችሁን ተነጋገሩ፤ ተራ ገብታችሁ ዕረፉ።

11. እድር አስገቡት

የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ክፍል ያለው፣ ሥራ ያለው ሰው ልቅሶ ሲደርስ የሚጠራው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ከሌለ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የእድራችሁን ዳኛና ጸሐፊ አነጋግሩ። የመግቢያውን ክፍያ ቡድኑ ይሸፍን ወይም በየወሩ እየተከፈለ ይለቅ። ወርሃዊውን ራሱ ይክፈል። በቀጣዩ ልቅሶ ድንኳን ሲተከል እሱም ካስማ ይያዝ፣ ወንበር ይደርድር፤ እህታችንም ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ትላጥ። ሰው ጎረቤት የሚሆነው ሲያግዝ ነው፤ ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ፈቃዱ ከሆነ ደግሞ ወደ ቡድናችሁ ጥሩት። እሱ የሚያወጣው ቀጣይ ሰው ይኖራል።

ለመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ ለአራት ሰው ደውላችሁ ጥሩ። ረቡዕ ተሰብሰቡና ገንዘብ ያዥና መዝጋቢ ምረጡ። ዓርብ ወረዳ ሂዱ። ቅዳሜና እሑድ ምሽት ባዶ እጃችሁን በሰፈሩ ዙሩ፣ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ፣ ደብተሩን ጀምሩ። በቀጣዩ ሳምንት ሻይ ይዛችሁ አንድ ሰው ዘንድ ተቀመጡ። ከተማው ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንሳት አትችሉም፤ አንድ እድር በዓመት ሁለት ሰው ቢያነሳ ግን አዲስ አበባ ስንት እድር እንዳላት ታውቃላችሁ።